ኒኮን ዜድ 8 በሳነቴ አምባ፦ ቀይ ቀበሮን በአደን ቅጽበት ለማንሳት ምን ያህል ይረዳል?

ቀይ ቀበሮ በቀን ብርሃን የሚያድን፣ በመንጋ እየኖረ ለአደን ግን ብቻውን የሚወጣ እንስሳ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ከመኪናው ሳይወርድ እንኳ ሊያየው ይችላል። ከባዱ ነገር አደኑን ማንሳት ነው። ቀበሮው ጆሮዎቹን ወደ ፊት ቀስሮ፣ ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ ረዘም ላለ ጊዜ ያደባል፤ ከዚያም በድንገት ይወረወራል። ፎቶ አንሺው መወርወሩን አይቶ ቁልፉን ሲጫን ፍልፈሉ ወይ ጉድጓዱ ገብቷል፣ ወይ በቀበሮው አፍ ውስጥ ነው። ይህ ግምገማ ኒኮን ዜድ 8 ካሜራ ከኒኮር ዜድ 180–600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ተጣምሮ ያችን አጭር ጊዜ ለመያዝ ምን ያህል እንደሚያግዝ ይመለከታል።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዜድ 8 እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ ሲቀርብ በአሜሪካ 4,000 ዶላር ገደማ የተቆረጠለት፣ 45.7 ሜጋ ፒክስል ያለው ካሜራ ነው። ለዱር እንስሳት ሥራ ሲመረጥ ብዙዎች ቀድመው የሚጠቅሱት የፒክስሉን ብዛት ቢሆንም፣ ብዙ ፒክስል ያላቸው ካሜራዎች ከእርሱ በፊትም ነበሩ። የዚህ ካሜራ ትልቁ ብልጫ እንስሳው በሚንቀሳቀስበትና ምስሉ በሚመዘገብበት ቅጽበት መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበቡ ነው፤ በአንዱ አሠራሩ እንዲያውም ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለፈውን ጊዜ መልሶ ይሰጣል። ለሳነቴ አደን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዐይን ያየውን አእምሮ ተረድቶ ጣትን እስኪያዝ ድረስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ጣቱን ብርድ ካደነዘዘው ደግሞ ይረዝማል። በሰከንድ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚያነሣ ካሜራ በዚህ ሩብ ሰከንድ ውስጥ 5 ፍሬም ያመልጠዋል፤ ቀበሮው ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ የሚታየው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚያ በጎደሉት ፍሬሞች ውስጥ ነው። ፎቶ አንሺው የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን ይህን መዘግየት ከሰውነቱ ሊያስወግደው አይችልም። ዜድ 8 የሚያቀርበው መፍትሔ ቅድመ ቀረጻ ነው። ቁልፉ በግማሽ ተጭኖ ሳለ ካሜራው ያለማቋረጥ ምስል እየወሰደ፣ አሮጌውን እየጣለ፣ አዲሱን በጊዜያዊ ማኅደሩ ይይዛል፤ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሲጫን ከመጫኑ በፊት የነበረውን፣ እንደ ምርጫው እስከ አንድ ሰከንድ የሚደርስ ጊዜ፣ ካርዱ ላይ ያሰፍራል። ፎቶ አንሺው የሚጫነው ድርጊቱን ካየ በኋላ ቢሆንም የድርጊቱ መነሻ ከምስሎቹ መካከል ይገኛል።

ቅድመ ቀረጻው በሦስት ፍጥነት ይሠራል፦ በሙሉ መጠን በሰከንድ 30 ፍሬም፣ የሴንሰሩን (የብርሃን ተቀባዩን ሰሌዳ) መካከለኛ ክፍል ብቻ በመጠቀም በ19 ሜጋ ፒክስል በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ወይም በ11 ሜጋ ፒክስል በሰከንድ 120 ፍሬም። ለቀይ ቀበሮ እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው። ሴንሰሩ ሲጠብብ የ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ900 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ስለሚሰጥ፣ ቀበሮው በ60 ሜትር ርቀት ላይ ሳለ የፍሬሙ ስፋት መሬት ላይ 2.4 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ እንስሳው በቂ ቦታ ይይዛል፣ ለመወርወሪያውም ከፊቱ ክፍት ቦታ ይተርፈዋል። በ120 ፍሬም የሚገኘው 11 ሜጋ ፒክስል ለመጽሔት ገጽ የሚበቃ ቢሆንም፣ ከቀረጻ በኋላ ለመቁረጥ የሚተርፍ ነገር የለውም። ከዚህም ሌላ በየሰከንዱ 120 ምስል ይዞ ማታ ጎባ ላይ ቁጭ ብሎ መምረጥ ራሱን የቻለ የሥራ ቀን ነው።

ይህ አሠራር ያለ ዋጋ አይመጣም። ቅድመ ቀረጻው ምስሉን የሚያስቀምጠው ካሜራው አቀናብሮና ጨምቆ በሚሰጠው ፋይል በጄፔግ እንጂ፣ ሴንሰሩ የመዘገበውን ሳይቀናበር በሚይዘው ፋይል በሮው አይደለም። የቀይ ቀበሮ ገላ ቀላ ያለ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ግን ነጭ ነው፤ በሳነቴ ፀሐይ ከፍ ካለ ብርሃኑ እጅግ ስለሚጠነክር፣ በካሜራው የብርሃን መለኪያ ብቻ የተነሣ ምስል ላይ የጉሮሮው ጠጉር ዝርዝሩን አጥቶ ወረቀት ሊመስል ይችላል። በሮው ቢሆን ኖሮ ከሥራው በኋላ በተወሰነ ደረጃ የሚመለስ ነበር፤ በጄፔግ ግን የሄደው ሄደ። ስለዚህ ቅድመ ቀረጻውን የሚጠቀም ሰው ቀበሮው ገና ሲያደባ፣ ጊዜ እያለ፣ ብርሃኑን በአንድ ወይም በሁለት ሦስተኛ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ነጩን ክፍል መጠበቅ፣ የነጭ ቀለም ሚዛኑንም አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። የካኖን ኢኦኤስ አር 5 ማርክ 2 እና የሶኒ አልፋ 9 ማርክ 3 ቅድመ ቀረጻን በሮው የሚያስቀምጡ ስለሆኑ፣ በዚህ በኩል ዜድ 8ን ይበልጡታል። ይህን ብልጫ ቀላል አድርጌ አላየውም።

ቅድመ ቀረጻው መቼ መጀመር እንዳለበት የሚነግረው ግን ቦታው ነው። ቀበሮው የሚያድነው ግዙፉ ፍልፈል በዓለም ላይ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኝ፣ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን የሚችል፣ አብዛኛውን ሕይወቱን ከመሬት በታች የሚያሳልፍ እንስሳ ነው። ለመብላት ሲወጣ ከጉድጓዱ አይርቅም፤ የኋላ አካሉን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳስቀረ በአቅራቢያው ያለውን ሣርና ቅጠል በጥርሱ እየነቀለ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ሲጠራጠር ደግሞ እንደ ወጣ ወደ ኋላው ይመለሳል። ፍልፈሉ አፈሩን ሲገለብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ለመልቀም አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ትቆማለች፤ አዳኝ ስታይ የምታሰማውም ድምፅ ለፍልፈሉ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። አምባውን ለሚያነብ ሰው የዚህች ወፍ መቆም የፍልፈሉን መኖር ያሳያል። ቀበሮው ወደዚያው አቅጣጫ ዝቅ ብሎ መራመድ ሲጀምርና በየእርምጃው መካከል ሲቆም ጣትን በግማሽ ቁልፉ ላይ ማሳረፍ ይገባል። ከዚያ በፊት መጀመር ባትሪውን ያለ ጥቅም መጨረስ ነው።

ፎከስን በተመለከተ፣ በሳነቴ ሁለት ነገሮች ካሜራን ይፈትናሉ። አንደኛው የሹልነት ጥልቀት ማነስ ነው። በ600 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 6.3 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ሹል ሆኖ የሚታየው ከፊትና ከኋላ ተደምሮ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ በ15 ሜትር ደግሞ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ወደ ካሜራው የሚሮጥ ቀበሮ ያንን ጥልቀት በሰከንድ ጥቂት ክፋይ ያልፈዋል። ዜድ 8 በምስሉ ውስጥ የእንስሳውን አካል፣ ፊትና ዐይን ለይቶ የመከተል ችሎታው እዚህ ላይ ይታያል፤ ቀበሮው አቅጣጫውን ሲለውጥ ፎከሱ ከዐይኑ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ዐይኑ እየተመላለሰ ይከተለዋል። በምርጫው ዝርዝር ውስጥ ራሱ ይወቅ ከሚለው ይልቅ «እንስሳት» የሚለውን አስቀድሞ ማስገባት ካሜራው ሰው፣ መኪና ወይም አውሮፕላን ከመፈለግ ያድነዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የወጣው ፈርምዌር (የካሜራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) 2.00 ለወፎች የተለየ ምርጫ ጨምሮለታል፤ ንስርና ጭልፊት በአምባው ላይ ሲያንዣብቡ ለማንሳት ይህን መጠቀም ይበጃል።

ሁለተኛው ፈተና ከፊት ያለው ዕፅዋት ነው። በአምባው የሚበቅሉት ነጣ ያሉ ቁጥቋጦዎችና የሣር ጉብታዎች ቀበሮው ከሚያደባበት ከፍታ ጋር እኩል ናቸው፤ ማንኛውም ካሜራ ቢሆን የቀበሮው ፊት በከፊል ሲሸፈን ቀርቦ የሚታየውን ቅጠል ሊመርጥ ይችላል። በሌንሱ ጎን ላይ ፎከሱ ከ6 ሜትር ወዲህ እንዳይመጣ የሚገድብ ማብሪያ አለ፤ እርሱን ማብራት የችግሩን ግማሽ ይቀንሳል። የፎከሱን ቦታ ጠበብ ባለ ሳጥን መወሰን፣ ቀበሮው ወደ ገላጣ ሲወጣ ደግሞ በሌላ ቁልፍ ወደ ሰፊ ክትትል መለወጥ ቀሪውን ያቃልላል። ካሜራው ቁልፎቹን እንደ ፍላጎት ለማስተካከል ስለሚፈቅድ ይህን ዐይንን ከመመልከቻው ሳያነሡ በአውራ ጣት ማድረግ ይቻላል። ከቤት ሳይወጡ ልምምድ ማድረግ ግን ግድ ነው፤ በሰፈር ውሻና ድመት ላይ መለማመድ ለዚህ በቂ ነው፤ ካሜራው እነርሱንም በዚያው ምርጫ ይለያቸዋል።

ዜድ 8 ሜካኒካል ሹተር፣ ማለትም ሴንሰሩን የሚከፍትና የሚዘጋ መጋረጃ፣ የለውም፤ ሁሉንም የሚያነሣው በኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው። በብዙ ካሜራዎች ላይ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ስለሚያነብ የሚሮጥ እግርና የሚመታ ክንፍ ይጣመማል። የዜድ 8 ሴንሰር በድርብርብ የተሠራ በመሆኑ ሙሉውን ምስል በ4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አንብቦ ይጨርሳል፤ በቀበሮ ፍጥነት ላይ መጣመሙ ለዐይን አይታወቅም። ዝምታው ደግሞ ለዚህ እንስሳ ከሚገመተው በላይ ጠቃሚ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በዐይኑ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት በታች የሚሰማውን እንቅስቃሴ በጆሮው ይከታተላል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳ ሹተር አጠገቡ ሲሰማ ራሱን ቀና ካደረገ አደኑ ተበላሸ፤ ያም ፎቶ ከማጣት ያለፈ ነገር ነው፣ የእንስሳው ምግብ ነውና። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ካሜራው በድምፅ ማውጫው የሚያሰማውን ሰው ሠራሽ የሹተር ድምፅ መዝጋትን እንደ ግዴታ እቆጥረዋለሁ።

ሌንሱ ከካሜራው ባልተናነሰ ምስጋና ይገባዋል። የ180–600ው ሌንስ በ2023 ሲወጣ በአሜሪካ 1,700 ዶላር ገደማ ነበር። ሲያጎሉት ርዝመቱ አይለወጥም፤ መስታወቶቹ የሚንቀሳቀሱት በውስጡ ነው። ይህም ሁለት ጥቅም አለው፦ የደጋው አቧራ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ዕድል ይቀንሳል፣ ሚዛኑም ከእጅ ላይ አይሸሽም። ከ180 እስከ 600 ለመድረስ ቀለበቱን ሩብ ዙር እንኳ ማዞር አያስፈልግም፤ ሌሎች የመንጋው አባላት በድንገት ወደ ቀበሮው ሲመጡና ጅራታቸውን እየቆሉ ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ሰፋ አድርጎ ሁሉንም ማስገባት ይቻላል። ተለዋዋጭ ያልሆነው 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 6.3 ሌንስ ይበልጥ ቀላልና ሹል ቢሆንም፣ ይህን ዓይነቱን ትዕይንት ጭንቅላትና ጅራት ቆርጦ ነው የሚያስቀረው፤ ዋጋውም ከእጥፍ በላይ ነው።

ክብደቱ ግን ሊነገር ይገባል። ካሜራው ከባትሪና ከካርድ ጋር 910 ግራም፣ ሌንሱ ያለ መያዣ ቀለበቱ 1,955 ግራም ነው። ቁልቁል አዲስ አበባ ላይ ሦስት ኪሎ ግራም የማይከብደው ሰው፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 60 በመቶ ገደማ በሚሆንበት ቦታ፣ እስትንፋሱ ሲቆራረጥ ሌንሱም አብሮ ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል። የሌንሱ የንቅናቄ ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ በሚገባ ይቀንሳል፤ ቀበሮውን ግን አያቆመውም፣ ለእርሱ ከ1/2000 ሰከንድ ያላነሰ ሹተር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ከመኪናው ሳይወርዱ መስኮቱ ላይ ጥራጥሬ የተሞላ ትንሽ ከረጢት አስቀምጦ ሌንሱን በእርሱ ላይ ማሳረፍ ነው። ቀበሮዎቹ ከእግረኛ ይልቅ ለቆመ መኪና ግድ የላቸውም።

ስለ ብርሃንና አየር አጭር ቃል ልጨምር። ኤፍ 6.3 ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ ማለዳ ላይ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 እና 6400 መድረሱ አይቀርም፤ ዜድ 8 በእነዚህ ደረጃዎች የሚሰጠው ምስል በሚገባ ያገለግላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ከሣሩ ላይ የሚነሣው ሞቃት አየር ይርገበገባል፤ በ100 ሜትር ርቀት ያለ ቀበሮ ፎከሱ ልክ ሆኖ እንኳ የደበዘዘ ይወጣል። ብዙ ሰዎች ይህን የሌንስ ወይም የፎከስ ጉድለት አድርገው ይቆጥሩታል። ለዚህ ገንዘብ የሚገዛው መድኃኒት የለም፤ በጠዋት መገኘት ወይም እንስሳው ራሱ እስኪቀርብ መጠበቅ ነው።

ባትሪው የካሜራው ደካማ ጎን ነው። በመደበኛው መለኪያ በመመልከቻው 330 ፎቶ ገደማ ይባልለታል፤ በተከታታይ ሲነሣ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፣ ቅድመ ቀረጻውን በግማሽ ቁልፍ ይዞ መጠበቅ ግን በፍጥነት ይበላዋል። በበጋ ወራት፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ የሳነቴ ሌሊት ውርጭ ስለሆነ ባትሪ ካሜራው ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ ቀንሶ ይገኛል። ትርፍ ባትሪዎችን ከጃኬት ሥር ከገላ ጋር መያዝ፣ ማታም ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት ይበጃል። ካሜራው በዩኤስቢ ሲ ከፓወር ባንክ መሞላቱ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ትልቅ እረፍት ይሰጣል። የካርድ ቦታዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ሲኤፍ ኤክስፕረስ ዓይነት ቢ፣ ሌላው ኤስዲ። ለተከታታይ ቀረጻ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ኤስዲው ፍጥነቱ ስለማይደርስ ማኅደሩ ሞልቶ ካሜራው ይዘገያል። በጀት ሲያዝ የዚህ ካርድ ዋጋ መዘንጋት የለበትም።

እነዚህ ቅጽበቶች ለውበታቸው ብቻ የሚፈለጉ አይደሉም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ እንስሳ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ተመራማሪዎች በባሌ ያሉ ቀበሮዎች ቀይና ቢጫ ዘለላ ከሚያወጣው የክኒፎፊያ አበባ ማር ሲልሱ እንዳዩ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኙ አሳውቀዋል። ከዜናው ጋር ዓለም ያየው ፎቶ ቀበሮው ምላሱን ዘርግቶ አበባውን ሲልስ የሚያሳይ ነበር፤ በአፍንጫው ላይ የሚቀረው ብናኝ ደግሞ ሥጋ በል እንስሳ አበባ ሊያዳቅል ይችላል የሚለውን ሐሳብ አስነሥቷል። እንዲህ ያለ ድርጊት በቃል ሲነገር ሊጠረጠር ይችላል፤ ምላሱና ብናኙ ሹል ሆነው በፎቶ ሲታዩ ግን ማስረጃ ይሆናል። በእብድ ውሻ በሽታ (ራቢስ) እና ዲስተምፐር በተባለው ሌላ የውሾች በሽታ በተደጋጋሚ ለተጠቃ፣ ቁጥሩም እንዲህ ላነሰ ዝርያ፣ እያንዳንዱ በጥራት የተመዘገበ ባሕርይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ነው ሩቅ የሚደርስና ዝም የሚል መሣሪያን የምደግፈው፤ ቀበሮውን ማባረር፣ በምግብ ማባበል ወይም ግልገሎች ወዳሉበት ጉድጓድ መጠጋት ከማያስፈልግበት ርቀት ሥራውን ይጨርሳልና።

ማን ይግዛው? በዱር እንስሳት ፎቶ የሚተዳደር፣ ወይም ለጥናትና ለጥበቃ ሥራ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ዜድ 8ን ከ180–600ው ጋር ቢገዛ የሚቆጭ አይመስለኝም። አብዛኛው የአገራችን ፎቶ አንሺ ካሜራ የሚያገኘው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው እጅ ስለሆነ፣ ዕቃውን ሲረከብ የካሜራውን ተከታታይ ቁጥር ከሣጥኑ ጋር ማስተያየትና ፈርምዌሩ ከ2.00 ያላነሰ መሆኑን ማየት አለበት።

ለጀማሪ ወጣት ግን ሌላ ምክር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ኒኮን ዜድ 50 ማርክ 2 ዋጋው የዜድ 8 ሩብ ገደማ ሲሆን፣ ቅድመ ቀረጻም፣ እንስሳትንና ወፎችን የመለየት ችሎታም አለው፤ ሴንሰሩ ትንሽ በመሆኑ ያው ሌንስ በእርሱ ላይ የ900 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ይሰጣል። ሴንሰሩ እንደ ዜድ 8 ፈጥኖ ስለማይነበብ በፍጥነት የሚያልፍ እንስሳ ሊጣመምበት ይችላል፤ በገላጣ ቦታ ለሚያደባ ቀበሮ ግን ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ከካሜራው ይቀነስ፤ ሌንሱ 180–600ው ይሁን።